ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት ተነጋገሩ
ለትምህርት የሚበቃ፣ አልፎ አልፎም ለጨዋታ የሚሆን መሣሪያ ለሚመርጡ ቤተሰቦች

ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ቤተሰብ ከሚያዘጋጅለት ዕቃ መካከል ከብርድ ልብስና ከሻንጣ ቀጥሎ ዛሬ ላፕቶፕ ይነሣል። አሳይመንቱም፣ ሪፖርቱም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም የሚሠራው በኮምፒዩተር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም የሚወሰደው በኮምፒዩተር ላይ ነው። ስለዚህ በብዙ ቤት ጥያቄው «ያስፈልገዋል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «የትኛውን እንግዛለት?» ሆኗል።

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደ ናረ ሁላችንም እናውቃለን። በእ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ደግሞ የኮምፒዩተር ማስታወሻ (ራም) ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ብሏል። ለብዙ ባልና ሚስት የአንድ ላፕቶፕ ዋጋ የዕቁብ ዕጣ ወይም የብዙ ወራት ቁጠባ ነው። የተገዛው ዕቃ ካልሆነ ዘንድሮ ቀይረን ሌላ እንግዛ የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ልጁ አራትና አምስት ዓመት የሚማርበት በዚያው ነው።

እንግዲህ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት መሠራት ያለበት ሥራ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተገዛ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡን ያሳዝናል።

የመጀመሪያው ሥራ፦ በግልጽ መነጋገር

በብዙ ቤት የሚሆነው እንዲህ ነው። አባት «ላፕቶፑ ለትምህርት ብቻ ነው፤ ጌም የሚባል ነገር አልሰማም» ይላል። ልጅም ይህን ስለሚያውቅ ስለ ጨዋታ አንድ ቃል ሳያነሣ «መምህራችን ኃይለኛ ግራፊክስ ያለው ያስፈልጋል ብለዋል» ይላል። እናት በመካከል ሁለቱንም ለማስማማት ትደክማለች። በመጨረሻ ወይ ለትምህርቱ የማያስፈልግ ውድና ከባድ የጨዋታ ማሽን ይገዛል፤ ወይ ደግሞ ለትምህርቱም የማይበቃ ደካማ ዕቃ ይገዛና ልጁ በሁለተኛው ዓመት የጓደኛውን ላፕቶፕ መለመን ይጀምራል።

እናንተ ግን ሦስት ጥያቄዎች ይዛችሁ ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡ። የምትማረው ምንድን ነው? የምትጫወተው ጨዋታ ስሙ ማን ነው? በሳምንት ስንት ቀን ትጫወታለህ? ልጁ ሳይፈራ እውነቱን ከተናገረ ገንዘባችሁ በትክክለኛው ቦታ ይውላል። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ጨዋታ የሚጫወት ልጅና በየቀኑ እስከ እኩለ ሌሊት የሚጫወት ልጅ አንድ ዓይነት ዕቃ አያስፈልጋቸውም፤ አንድ ዓይነት ምክርም አያስፈልጋቸውም።

የትምህርቱ ዓይነት ይወስናል

አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ሕግ ወይም ቋንቋ የሚማር ልጅ የሚጠቀመው በአብዛኛው ወርድ፣ ኤክሴል፣ ኢንተርኔትና የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራሞችን ነው። ለዚህ መካከለኛ ፕሮሰሰርና ጥሩ ባትሪ ይበቃል። የሕክምናና የጤና ተማሪም ትልልቅ የንባብ ፋይሎችንና ቪዲዮዎችን ስለሚያይ ከጉልበት ይልቅ ዓይን የማያደክም ስክሪን ይጠቅመዋል።

የኮምፒዩተር ሳይንስና የሶፍትዌር ተማሪ ግን ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ለምሳሌ የስልክ መተግበሪያ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ራም በብዛት ይበላል። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ አውቶካድና ኢታብስ፣ የአርክቴክቸር ተማሪ ደግሞ ሬቪትና ላሚዮን ያገኛቸዋል። ላሚዮን ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ኢታብስ፣ ሬቪትና ሶሊድወርክስ የተዘጋጁት ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ስለዚህ ለምሕንድስና ተማሪ ማክቡክ ምንም ያህል ቢያምር የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት ሲሆን የትምህርት ክፍል ምደባ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በመስከረም የትኛው ክፍል እንደሚገባ ገና አያውቅም። ስለዚህ አቅም ውሱን ከሆነ የመጀመሪያውን ዓመት በቤት ባለው ወይም ባገለገለ ዕቃ አሳልፎ፣ ክፍሉ ሲታወቅ መግዛት ብልህነት ነው። አሁኑኑ መግዛት ግድ ከሆነም ራሙ ወደፊት ሊጨመር የሚችል ይሁን።

በወረቀቱ ላይ ምን ታያላችሁ?

ፕሮሰሰር። በገበያችን ትልቁ ወጥመድ «ኮር አይ7 ነው!» የሚለው ቃል ነው። አይ7 የሚለው ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዋናው ጀነሬሽኑ ነው። በእ.ኤ.አ. 2013 የወጡ የ4ኛ ጀነሬሽን ቀጫጭን አይ7 ላፕቶፖች ብዙዎቹ ሁለት ኮር ብቻ ነበራቸው። በእ.ኤ.አ. 2022 የወጣው የ12ኛ ጀነሬሽን አይ5 ባለ 1235 ግን አሥር ኮር አለው፤ ያንን አሮጌ አይ7 በሩቁ ጥሎት ይሄዳል። ቁጥሩን ማንበብ አይከብድም፦ 4600 ከሆነ 4ኛ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 1235 ወይም 12450 ከሆነ 12ኛ ጀነሬሽን ነው። ከቁጥሩ በኋላ የእንግሊዝኛው ዩ ፊደል ካለ ኃይል ቆጣቢ፣ ኤች ካለ ደግሞ ጉልበተኛ ማለት ነው። የኤኤምዲ ራይዘን 5ም ለመካከለኛ ዋጋ ጥሩ ምርጫ ነው።

ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች የሆነውን ኢንቴል እለፉት። ምክንያቱም ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ራም። 8 ጊጋባይት ለጽሑፍ ሥራ ያገለግላል፤ ትምህርትንና ጨዋታን አብሮ ለመያዝ ግን 16 ይሁን። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ማከማቻ። የግድ ኤስኤስዲ ይሁን። በአሮጌው ዓይነት ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ ሲከፈት ያንቀላፋል። መጠኑ 512 ጊጋባይት ቢሆን መልካም ነው። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የተባለው የኳስ ጨዋታ ብቻውን 100 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል፤ በ256 ላይ ጨዋታው ከገባ ለትምህርቱ ቦታ ይጠባል።

ግራፊክስ። ሁለተኛው ወጥመድ እዚህ አለ። ሻጩ «8 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ከራሙ የሚበደረውን ነው። የራሱ የሆነው ስንት እንደ ሆነ ጠይቁ። አልፎ አልፎ ለሚጫወት ልጅ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግራፊክስ፣ ለምሳሌ የኢንቴል አይሪስ ኤክስኢ ወይም የኤኤምዲ ራዲዮን 680ኤም፣ ማይንክራፍትንና ቀላል ጨዋታዎችን ያስኬዳል። ይህ ዓይነቱ ግራፊክስ ከራሙ ስለሚበደር ባለ 8 ሁለት ራም ከባለ 16 አንድ ራም የተሻለ ያሠራዋል።

ልጁ የምሕንድስና ወይም የአርክቴክቸር ተማሪ ከሆነ፣ ወይም ከበድ ያለ ጨዋታ የሚጫወት ከሆነ፣ ራሱን የቻለ ካርድ ይፈልጋል። ጂቲኤክስ 1650 አሮጌ ቢሆንም ለኳስ ጨዋታ ይበቃል፤ አርቲኤክስ 3050 እና 4050 ደግሞ የተሻሉ ናቸው። የ4050ው የራሱ ማስታወሻ 6 ጊጋባይት ነው። ከዚያ በላይ መሄድ ለተማሪ ከአስፈላጊነቱ ይልቅ ፍላጎቱ ያመዝናል።

ባትሪና ክብደት። ካርድ ያለው ላፕቶፕ ዋጋው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቻርጀሩም ወፍራም ነው፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠውም ሶኬት ላይ ሲሰካ ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀን፣ ሶኬት ጥቂት በሆነበት ቤተ መጻሕፍት፣ ቀላሉ ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ ለብዙ ተማሪ የተሻለ ወዳጅ ነው።

ገንዘቡ ካልበቃስ?

በዚህ ቅደም ተከተል ቀንሱ። በመጀመሪያ ራሱን የቻለውን ግራፊክስ ካርድ ተዉ፤ የላሚዮን ተማሪ ካልሆነ በቀር ያለ እርሱ መማር ይቻላል። ቀጥሎ አዲስ የሚለውን ተዉና ያገለገለ ፈልጉ። ዴል ላቲትዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ በውጭ አገር ለመሥሪያ ቤቶች የተሠሩ ጠንካራ ዕቃዎች ናቸው፤ ድርጅቶቹ ሲቀይሯቸው በሁለተኛ እጅ ይሸጣሉ። ኤስኤስዲውን፣ በቂውን ራምና ጤነኛ ባትሪን ግን አትልቀቁ።

ከውጭ ለሚላክላችሁ

አሜሪካ ያለች እኅት ወይም ዱባይ ያለ ወንድም «ላፕቶፕ እልካለሁ» ሲል ደስ ይላል። ነገር ግን በጉዳዩ ላይ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በአሜሪካ ሱቆች በርካሽ ከሚገኙት መካከል ክሮምቡክ የሚባለው አለ፤ ለአሜሪካ ተማሪ ቤት ጥሩ ቢሆንም የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን አያስኬድም፤ አገልግሎቱም በአብዛኛው በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነው። 64 ወይም 128 ጊጋባይት ማከማቻ ብቻ ያላቸው ርካሽ ላፕቶፖችም ቶሎ ይሞላሉ። ከእ.ኤ.አ. 2024 ወዲህ በብዛት የመጡት የስናፕድራጎን ላፕቶፖች ባትሪያቸው ቢመሰገንም አንዳንድ የምሕንድስና ፕሮግራሞችና ጨዋታዎች በእነርሱ ላይ አይሠሩም።

የላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከእኛ 220 ጋር ይስማማል፤ በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የአሜሪካው ሶኬት መሰኪያ ግን የተለየ ስለሆነ ጥሩ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ለላኪው ዘመድ «ላፕቶፕ ላክልን» ከማለት ይልቅ የፕሮሰሰሩን፣ የራሙንና የማከማቻውን ቁጥር ጽፋችሁ ብትልኩለት እርሱም ይቀለዋል።

ሱቅ ውስጥ

ከመክፈላችሁ በፊት ላፕቶፑን አስከፍቱት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። በእርሱ ውስጥ አቅም የሚያሳየውን ክፍል ክፈቱ። የፕሮሰሰሩ ስም፣ የራሙ መጠንና ስንት ቦታ እንደ ተያዘ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑ፣ ግራፊክሱም የራሱ ማስታወሻ ስንት እንደ ሆነ በዚያ ይታያል። ከካርቶኑና ከተለጠፈው ወረቀት ይልቅ ይህን እመኑ።

ያገለገለ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት ጠይቁ፤ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ቁልፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ንኩ። ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩንና የዩኤስቢ መሰኪያዎቹን ሞክሩ። ለግማሽ ሰዓት ቪዲዮ አጫውታችሁ ሙቀቱን በእጃችሁ ዳስሱ። የተከበረ ሻጭ በዚህ አይቆጣም። ዋስትናው ስንት ወር እንደ ሆነና ምን እንደሚሸፍን በደረሰኝ ላይ ይጻፍላችሁ።

ጨዋታውስ?

ጨዋታ ሁሉ አንድ አይደለም። ፔጊ የተባለው የአውሮፓ ደረጃ በጨዋታው ላይ የዕድሜ ቁጥር ያትማል፤ ማይንክራፍት 7፣ ጂቲኤ 5 ደግሞ 18 ነው። ታናናሾች በሚጠቀሙበት ቤት ይህን ቁጥር ማየት ልማድ ይሁን። ዕድሜው ዝቅ ያለውም ቢሆን ሌላ ጉድ ሊኖረው ይችላል፤ በኳስ ጨዋታው ውስጥ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዙ፣ ምን እንደሚወጣ የማይታወቅ የተጫዋች ጥቅሎች አሉ። የባንክ ካርድ ቁጥራችሁን በልጁ ጨዋታ ላይ ከማስገባታችሁ በፊት አስቡበት።

ለትንንሾቹ የማይክሮሶፍት የቤተሰብ መቆጣጠሪያ ሰዓትን ይወስናል። ዶርም ለገባ ልጅ ግን ቁልፍ አይሠራም። ለእርሱ የሚሠራው ቤት ሳለ አብራችሁ የተስማማችሁበት ቃል ነው፦ ከፈተና ሳምንት በፊት ጨዋታው ይዘጋል፣ እንቅልፍ አይሰረቅም፣ የተበላሸ ውጤት አይደበቅም። ከልጁ ጋር በግልጽ ተነጋግራችሁ የገዛችሁ ከሆነ ይህን ማለት አይከብዳችሁም። እርሱም የሚደብቀው ነገር ስለሌለው በስልክ ስትጠይቁት እውነቱን ይነግራችኋል።

በመጨረሻም ከላፕቶፑ ጋር ሁለት ትንንሽ ነገሮች ግዙለት። አንደኛው ከኃይል መዋዠቅ የሚጠብቅ ዲቫይደር ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቻርጀር ያቃጥላል። ሁለተኛው የጽሑፉን ቅጂ የሚያስቀምጥበት ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ነው፤ ላፕቶፕ ቢሰረቅ ይተካል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ከጠፋ እንደ ገና ይጻፋል።