አዲሱ ፊደል በወለጋ ቤቶች

መንገድ ቢጠረግም የሚሄድበት ሰው ካልተገኘ ሣር ያለብሰዋል። ይህን የምንናገረው ስለ ስልክና ስለ ኢንተርኔት ነው።

የዓለም ባንክ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የዲጂታል ሥራ መሠረት 200 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈቀደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፋይዳ ለሚባለው መታወቂያ 350 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። የመታወቂያውም ሕግ አስቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ ነበር። አሳቡ አገልግሎት ላልደረሰው ሕዝብ፣ ይልቁንም ለሴቶችና ለባላገር እንዲደርስ ነው።

ነገር ግን የመንግሥት ገንዘብ የሚደርሰው እስከ ደጃፍ ነው። ከደጃፍ ወዲያ ያለው ሥራ የቤቱ ጌታና የእመቤቲቱ ነው። በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ቡና ወይም ቅቤ ሸጣ ቤቷን የምታቀና እናት የስልኳን ምስጢር ቁጥር የሚያውቅላት ልጇ ወይም ጎረቤቷ ከሆነ፣ በስሟ ገንዘብ አላት ይባላል እንጂ አዛዡ ሌላ ነው።

የቴሌብር አገልግሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር በአፋን ኦሮሞም ጭምር ተዘጋጅቷል። ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም *127# በመደወል ይሠራል። እንግዲህ የቋንቋና የውድ ስልክ ምክንያት ከተነሣ የቀረው የማስተማር ትዕግሥት ብቻ ነው።

ወለጋ ለዚህ እንግዳ አይደለም። አቶ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም ከባርነት ወጥተው የኦሮምኛን የንባብ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 እ.ኤ.አ. በኦሮምኛ ታተመ። ኋላም ወደ ወለጋ ገብተው አስተማሩ። የፊደል ብርሃን በዚያ ምድር በሴትም እጅ እንደ ገባ እናስታውስ።

የመገናኛ ዋጋም በወለጋ በችግር ታውቋል። በ2012 ዓ.ም. በክረምቱ ሳይሆን በበጋው ወራት በብዙ ስፍራ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ በሩቅ ያለ ልጅ የወላጆቹን ደኅንነት መጠየቅ አልቻለም ነበር። ስለዚህ መስመሩ በተገኘበት ቤት ሁሉ እናቲቱም መደወልን፣ መላክንና መቀበልን በራሷ እጅ ልትችል ይገባታል።

ስለዚህ የተከበሩ አንባቢዎቻችንን የምናሳስበው ይህ ነው። በየማታው ጥቂት ጊዜ ለእመቤቲቱና ለቤት ሠራተኛይቱ ይሰጥ። ምስጢር ቁጥሩን ራሷ ትምረጠው፤ ለማንም አትንገረው። ልጆችም ያንብቡላት እንጂ በእርሷ ፈንታ አይጫኑላት። በመሥሪያ ቤት ያላችሁም ባለጉዳይዋ ሴት ስትመጣ ስልኩን ከእጅዋ አትቀበሉ፤ ከጎኗ ቆማችሁ አሳዩአት።

ሥራው ተፈጸመ የምንለው የወለጋ እናት ማንንም ሳትጠራ የገዛ ገንዘቧን የቆጠረች ዕለት ነው።