መርፌ ያላዘዘ ሐኪም አላከመም?

«ምንም አላደረጉልኝም፤ ክኒን ብቻ ሰጥተው ሸኙኝ።» ሳይነጋ ከአፍንጮ በር ወጥቶ ወረፋ የያዘ፣ ካርድ ያወጣ፣ ላቦራቶሪ የተመላለሰ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የምሰማው ቅሬታ ነው። ስድስት ኪሎ ካለው የካቲት 12 ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ይምጣ፣ ከሰፈር ጤና ጣቢያ፣ የጠበቀው አንድ ነው፤ መርፌ። ካልሆነም ግሉኮስ።

ይህን እምነት ዝም ብዬ የማላልፈው ጉዳቱን ስላየሁ ነው። ትኩሳት የያዘው አንድ የሰፈራችን ልጅ ክሊኒክ ተወሰደ፤ እናቱ «ቶሎ እንዲሻለው መርፌ ይወጋልኝ» አለች፤ ቂጡ ላይ ተወጋ። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ እግሩን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ይጎትታል። በቂጥ በኩል ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ መርፌ ሲያገኘው እንዲህ ይሆናል። የሠለጠነ ባለሙያ ለአዋቂ ከቂጥ የላይኛውን የውጭ ጥግ፣ ለሕፃን ደግሞ ጭኑን የሚመርጠው ለዚህ ነው።

እምነቱ ከሜዳ አልተነሣም። ፔኒሲሊን ሲመጣ በመርፌ ብዙ ሰው አድኗል፤ ቂጥኝ ዛሬም የሚታከመው በዚያው ነው። በሩማቲክ ሕመም ልባቸው የተጎዳ ወጣቶች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይወጋሉ። ራሱን ለሳተ ወይም ለሚያስመልሰው ሰው ክኒን አይሆንም። ስሕተቱ ከዚህ ተነሥቶ «መርፌ ሁልጊዜ ይበረታል» ማለት ነው። ክኒኑም ከሆድ ወደ ደም ይገባል፤ ለአብዛኛው የተመላላሽ ሕመም ያ ይበቃል። ጉንፋንን ያመጣውን ቫይረስ ደግሞ አንቲባዮቲክ በመርፌም በክኒንም አይነካውም። ቲቢን እንይ፤ መድኃኒት የተላመደው ዓይነት ለወራት በመርፌ ሲታከም ብዙዎች የመስማት ችሎታቸውን አጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀድመው በክኒን ብቻ የሚሰጠውን ሕክምና ነው።

ግሉኮስንም እንመልከት። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር አለው፤ ዐሥር የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። የቀረው ውሃ ነው። መብላትና መጠጣት የሚችል ሰው «ደከመኝ» ብሎ ይህን በደም ሥሩ የሚያስገባበት ምክንያት የለም። ተቅማጥ ለያዘውና መጠጣት ለሚችል ሰው ኦ.አር.ኤስ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ይሻለዋል።

የሚያናድደኝ ሕመምተኛው አይደለም። የሚያናድደኝ ይህን ሁሉ እያወቀ ደንበኛ ላለማጣት መርፌ የሚወጋው፣ ግሉኮስ የሚሰቅለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2000 ብቻ ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ 21 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ፣ 260 ሺህ ደግሞ በኤች.አይ.ቪ ተይዘዋል። ብዙዎቹ መርፌዎች ጭራሹን አያስፈልጉም ነበር።

ቀድሞ ያጠፋው ጠያቂው ይሁን ሻጩ፣ እኔ መለየት አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ግን አንድ ነገር ይጠቁማል። መድኃኒት የጠበቁ ሕመምተኞች የማግኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር፤ ሐኪሙ «ይህ ሰው መድኃኒት ይፈልጋል» ብሎ የገመተላቸው ግን ዐሥር እጥፍ። የሐኪሙ ግምት ሕመምተኛው ከጠበቀው በልጦ ያዝዛል ማለት ነው። ሐኪሙና ሕመምተኛው ግልጥልጥ አድርገው ቢነጋገሩ ብዙው መርፌ ይቀር ነበር።

መርፌ ለመወጋት ምክንያት የሚሆነው «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ አያስተማምንም። ለታይፎይድ የተለመደው የዊዳል ምርመራ የሚያየው ፀረ እንግዳ አካልን ነው፤ ያለፈ ሕመምም ሌላ ኢንፌክሽንም «አለ» ሊያሰኘው ይችላል። ታይፎይድን በደንብ የሚያረጋግጠው የደም ካልቸር ነው።

የጠበቁትን መርፌ ስላላገኙ «ጤና ጣቢያ ጊዜ ማባከን ነው» ለሚሉም፦ ደም ግፊት፣ ስኳርና የሳንባ ምች እዚያ ይታከማሉ። የጤና መድኅን አባል ያለ ሪፈር ሆስፒታል ቢሄድ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የፈሩትን ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ «ክኒኑ ይበቃኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መርፌ ከታዘዘም የመድኃኒቱን ስምና የታዘዘበትን ምክንያት ይወቁ፤ ሲሪንጁም ዓይንዎ እያየ ከእሽጉ ይውጣ። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ግን የትም ገብተው «ውጉኝ» አይበሉ።