ርካሽ ኤስኤስዲ የሚፈተነው ሥራ ላይ ነው



በዚህ ሴሚስተር አንድ የዶርም ጓደኛዬ ከቤተሰብ በተላከለት ብር ርካሽ ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ገዝቶ የላፕቶፑን ሃርድ ዲስክ ቀየረ። «ላፕቶፔ አዲስ ሆነ» ሲል ሰነበተ። የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ቪዲዮዎች መገልበጥ ሲጀምር ግን ማሽኑ ቀጥ እያለ አስቸገረው። ካርቶኑ «እስከ 500 ሜጋባይት በሰከንድ» ይላል። «ተሸወድኩ» አለኝ። እስቲ መጀመሪያ እንፈትነው አልኩት።

ክሪስታል ዲስክ ማርክ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ከፈትን። የላይኛው መስመር ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብና ሲጻፍ ያለውን ፍጥነት ያሳያል፤ ካርቶን ላይ የሚታተመውም ይኸው ነው። ለዕለት ሥራችን የሚጠቅመን ግን የመጨረሻው መስመር ነው፤ ባለ 4 ኪሎባይት ቁርጥራጮች ከተለያየ ቦታ አንድ በአንድ ሲለቀሙ የሚለካበት። ዊንዶውስ ሲነሳ፣ ብራውዘር ሲከፈት ዲስኩ የሚሠራው እንዲህ ነው። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት በዚህ መስመር ብዙ ጊዜ 1 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የለውም፤ ርካሹም ቢሆን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። «አዲስ ሆነ» ያስባለው ይህ ነው እንጂ 500ው አይደለም።

ታዲያ ሲገለብጥ ለምን ቆመ? ርካሽ ኤስኤስዲ በአንዷ የማስታወሻ ሕዋስ 3 ወይም 4 ቢት አጭቆ ያስቀምጣል። ዋጋው የሚቀንሰው በዚህ ነው፤ ሲጻፍበት ግን ይዘገያል። ይህን ለመሸፈን ከባዶ ሕዋሶቹ የተወሰኑትን በአንድ ቢት ብቻ በፍጥነት ይሞላቸዋል፣ በኋላ ሥራ ሲፈታ ወደ ውስጥ ያሸጋግራል። እንደ እንግዳ መቀበያ ክፍል ነው። ክፍሉ ሲሞላ እንግዳው በር ላይ ይሰለፋል፤ ፍጥነቱ አንዳንዴ ከሃርድ ዲስክም በታች ይወርዳል። ሶፍትዌሩ ካልቀየርነው በቀር የሚፈትነው በ1 ጊጋባይት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ክፍሉን ሳይሞላ ይጨርሳል፤ ድክመቱም አይታይም።

ስለዚህ በእጃችን ፈተንነው። ፋይሉን ከፍላሽ አታምጡ፤ የምትለኩት ፍላሹን ይሆናል። እዚያው ኤስኤስዲ ውስጥ ካንዱ ፎልደር ወደ ሌላው ገልብጡና የዊንዶውስን ግራፍ ተመልከቱ። የጓደኛዬ ዲስክ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ 11 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ ግራፉ ገና ሳይጀመር ወደቀ። መቀበያው የሚቆረሰው ከባዶው ቦታ ነዋ! የድሮ ፊልሞቹን (በግድ) አስጠፋሁት፣ 60 ጊጋባይት ያህል ተለቀቀ፣ ላፕቶፑን ሳንነካው አሳደርነው። በማግሥቱ ያው ፋይል ሳይቆም አለፈ። ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ግን ትንሽ ጨምሮ የተሻለ ቢገዛ ይሻለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። «1 ቴራ» ተብለው በማይታመን ዋጋ የሚሸጡ አሉ። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባለው ሶፍትዌር ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፤ የተጻፈው ካልተገኘ መጠኑ የውሸት ነው ማለት ነው። ሰዓታት ስለሚወስድ ሱቅ ውስጥ አይሆንም፤ ስትገዙ የመመለሻ ቀን አስጽፉና ዲስኩ ባዶ እያለ ሌሊቱን ፈትኑት።