ልሙጥ ጉንጭና ተመልሶ የሚወጋ ጢም

ጢም በተላጨ ቁጥር ወፍሮና ጠቁሮ ይበቅላል የሚለው ወሬ አልሞት ብሏል። ገና ጢሙ ያልሞላ ጎረምሳ ቶሎ እንዲሞላለት ብሎ ምላጭ ሲያመላልስ አሶሳም አዲስ አበባም ይታያል። ሚልድሬድ ትሮተር የተባለች አሜሪካዊት የሰውነት አካል ተመራማሪ አራት ወንዶችን ስትከታተል ቆይታ፣ መላጨት የጢምን ውፍረትም የእድገት ፍጥነትም እንደማይለውጥ እ.ኤ.አ. በ1928 ጽፋለች። ምላጭ የሚደርሰው ከቆዳ በላይ ያለውን የሞተ ክፍል ብቻ ነው። የወፈረ የሚመስለንም የቀጠነው ጫፍ ተቆርጦ ደልደል ያለው ወገቡ ስለሚቀር ነው። ነገሩ ከተዘጋ መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ እዚህ ላይ አልቆይም።

የምቆየው ሌላ ወሬ ላይ ነው፤ ይሄኛው ፊት ያበላሻል። ሰው በተላጨ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አገጩና አንገቱ ላይ የሚያሳክኩ፣ አንዳንዴም መግል የሚቋጥሩ እባጮች ይወጡበታል። ማብራሪያው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምላጩ ቆሻሻ ነበር»፣ «ፀጉር ቤቱ በከለኝ»። መድኃኒቱም ከዚሁ ይመዘዛል፦ የባሰ የተሳለ ምላጭ፣ ይበልጥ ጠለቅ ብሎ መላጨት፣ ከዚያ ላዩ ላይ አልኮል ማርከፍከፍ። ነገሩ የተገለበጠ ነው። ጢማቸው የተጠቀለለ ወንዶች ላይ እባጩን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የራሳቸው ጢም ነው፤ ጉንጩ ልሙጥ በሆነ መጠን ደግሞ ይብሳል። (ሐኪሞች ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይሉታል፤ ከጎረምሳ ቡግር ጋር እንዳይምታታ እኔ የምላጭ እባጭ እለዋለሁ።)

ታጣፊውን ምላጭ፣ ማለትም እጀታው ውስጥ እንደ ሰንጢ የሚገባውን ባለ አንድ ስለት፣ ከውጭ ቪዲዮ የሚማር ሰው በቀጥታ የሚገባው እዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው። ቪዲዮዎቹ የሚሰጡት ትእዛዝ ተመሳሳይ ነው፦ ቆዳህን ወጥረህ ያዝ፣ መጀመሪያ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ላጭ፣ ቀጥለህ በአግድም፣ በመጨረሻ በተቃራኒው። ሦስት ጊዜ። ጢሙ ቀጥ ብሎ ለሚበቅል ሰው ይህ ይሠራል። ለተጠቀለለ ጢም ግን ከመጀመሪያው አቅጣጫ በቀር እያንዳንዱ ምክር እባጭ ማምረቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ቀጥ ያለ ፀጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ ወደ ቆዳው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የተጠቀለለ ፀጉር ቀዳዳ ግን ራሱ የጎበጠ ነው፤ ፀጉሩም ሲቆረጥ ክብ ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ እንቁላል ቅርጽ አለው። ስለዚህ ከቆዳው ሲወጣ ገና ከጅምሩ አጋድሎ፣ ወደ ቆዳው ለመመለስ ተዘጋጅቶ ነው። ረዝሞ እስካለ ድረስ ችግር የለም፤ ዞሮ ዞሮ ጥቅልል ይሆናል። ምላጭ ሲመጣ ግን አጋድሎ የቆመውን ፀጉር አግድም ስለሚቆርጠው የሚቀረው ጫፍ ሹል ነው። ቤኒሻንጉል ውስጥ ሸመል የቆረጠ ሰው ይህን አይስተውም፦ በሰያፍ የተቆረጠ የሸመል ጉቶ ጫማ ይበሳል።

ያ ሹል ጫፍ በሁለት መንገድ ይወጋል። በመጀመሪያው መንገድ ፀጉሩ ከቆዳ ወጥቶ ትንሽ ያድግና ጎብጦ፣ ከወጣበት አንድ ሁለት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ ተመልሶ ይገባል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚፈጠረውም በላጪው እጅ ነው። ቆዳ ተወጥሮ ሲያዝ ፀጉሩ ከቀዳዳው ወጣ ይላል፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የመጣ ስለት ደግሞ ይበልጥ ስቦ ይቆርጠዋል። እጅ ቆዳውን ሲለቅ ጫፉ ከቆዳው ወለል በታች ይሰምጣል። ጉንጩ ልሙጥ ነው፤ እጅ ቢዳስስ ምንም አይሰማም፤ ሰውየውም ደስ ይለዋል። ሹሉ ጫፍ ግን አሁን ቀዳዳው ውስጥ ነው፤ ማደጉን ሲቀጥል መውጫውን ከመፈለግ ይልቅ የቀዳዳውን ግድግዳ በስቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ሁለት ሦስት ስለት ያላቸው የሚጣሉ ምላጮችም በዚሁ መርህ ይሠራሉ፦ የፊተኛው ሲጎትት የኋለኛው ይቆርጣል።

ቆዳ ውስጥ የገባን ፀጉር ሰውነት የራሴ ነው ብሎ አይተወውም። እንደ እሾህ ይቆጥረዋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ይከቡታል፣ ቦታው ያብጣል፣ ይቀላል፣ መግል ይቋጥራል። ባክቴሪያ ሳይኖርም ይህ ሁሉ ይሆናል፤ አልኮል የሚያቃጥል እንጂ የሚያድን የማይሆነውም ለዚህ ነው። እብጠቱ ሲበርድ ጥቁር ነጥብ ይቀራል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ጠባሳው አብጦ ይደነድናል።

የሚገርመው መፍትሔውም እዚያው ጥቅልል ውስጥ መኖሩ ነው። የተቀበረው ፀጉር ወደ 10 ሚሊሜትር ሲደርስ ራሱ የፈጠረው ቅስት ጫፉን መልሶ ያወጣዋል። ጢም በቀን ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ገደማ ስለሚያድግ ይህ አንድ ወር ያህል ይወስዳል። ሐኪሞች «ለአራት ሳምንት አትላጭ» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የቆዳ ሐኪሞች ራሳቸው ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ችግሩ ከ45 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑ ጥቁር ወንዶችን ይነካል የሚለው በየቦታው የሚጠቀስ አኃዝ በአብዛኛው የአሜሪካ ጥቁሮችን የሚመለከት ነው፤ ስፋቱ ራሱ ምን ያህል ላላ ያለ እንደሆነ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት በአንድ የኬራቲን ጂን ላይ ያለ ልዩነት ስጋቱን ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ስለዚህ የፀጉር ቅርጽ ብቻውን ሁሉንም አይወስንም። በየቀኑ መላጨት ያባብሳል የሚለውንም የሚሞግቱ አሉ፤ ክርክራቸው የተቆረጠው ጫፍ ጎብጦ ለመግባት ጊዜ አያገኝም የሚል ነው። ከዚህ ተነስቶ ይህ ብሔር እንዲህ ነው፣ ያኛው እንዲያ ነው ማለት ደግሞ አያዋጣም። አሶሳ በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው፣ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ መጥቶ የሰፈረውም አንድ ፀጉር ቤት ወረፋ የሚጠብቁባት ከተማ ናት። የሚያዋጣው መስታወት ፊት ቆሞ የራስን ጢም ማየት ነው፦ ሳይነካ ለሳምንት ቢተው ቀጥ ይላል ወይስ ይጠቀለላል?

የሚጠቀለል ከሆነ ታጣፊው ምላጭ ክፉ ምርጫ አይደለም፤ ስለቱ አንድ ብቻ ነውና። አያያዙን ማንኛውም የሠለጠነ ፀጉር አስተካካይ በአምስት ደቂቃ ስለሚያሳይ አልዘረዝርም፤ ስለቱ ከቆዳው ወደ 30 ዲግሪ ያጋድል፣ ከዚያ ከቀና ቆዳ ይቆርጣል፣ ከተኛ ፀጉር ይጎትታል። ፊትዎን ሁለት ሦስት ደቂቃ በሞቀ ውሃ ያርጥቡ፤ ውሃ የጠጣ ፀጉር ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ጉልበትም በጣም ይቀንሳል። ከዚያ አረፋ፣ ከዚያ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ። ቆዳውን ጨርሶ ሳይይዙ በታጣፊ ምላጭ መላጨት አይቻልም፤ ጀማሪ ይቆረጣል። ስለዚህ መጨማደዱ እስኪጠፋ ያህል ያቅኑት፣ አይወጥሩት። ሲጨርሱ ጉንጭዎ ትንሽ ሸካራ ሊሆን ይገባል። ያ ሸካራነት ጉድለት አይደለም፤ ጫፉ ከቆዳ በላይ መቅረቱን የሚያረጋግጠው እሱ ነው።

ስለ ብረቱም አንድ ነገር ልበል። የምላጭ ብረት ከፀጉር 50 ጊዜ ያህል ጠንካራ ሆኖ ሳለ ፀጉር ያደነዝዘዋል። የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጃንሉካ ሮሺዮሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ ስለቱ ተፍቆ ከመዶልዶም ይልቅ ፀጉሩ ሲጎብጥ ደካማ ቦታው ላይ በጥቃቅኑ ይሸረፋል። እነሱ የሞከሩት የሚጣለውን ምላጭ ነው። ታጣፊው ከመላጨት በፊት በቆዳ ቀበቶ ላይ፣ በጀርባው በኩል እየተጎተተ ይቃናል። የካርቦን ብረት ከሆነ ደግሞ የአሶሳ ክረምት ጠላቱ ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው እርጥብ አየር ሳይደርቅና ዘይት ሳይቀባ ያደረ ስለት ጠዋት ዝገት ይዞ ይገኛል።

ቆሻሻ ምላጭ አያሳስብም እያልኩ ግን አይደለም። ያሳስባል፤ ግን ለእባጭ ሳይሆን ለጉበት ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። አምስት በመቶ ጥንካሬ ያለውን በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ ምላጩን አሥር ደቂቃ መዘፍዘፍ ይገድለዋል፤ ታጣፊ ምላጭን ግን በረኪና ራሱ ያዝገዋል። ስለዚህ ታጣፊ ምላጭ የአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ለወንድምም አይዋስ። ፀጉር ቤት ሲሄዱ አዲስ ምላጭ ዓይንዎ እያየ ይከፈት፤ ዋግምት የሚያስነቅልም እንደዚሁ ይጠይቅ።

ከሁሉም በላይ የማሳስበው ሕፃናትን ነው። በአሶሳና አካባቢዋ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች የጨቅላውን ፀጉር በሰባተኛው ቀን ያስላጫሉ። ሄፓታይተስ ቢ የያዘው ጎልማሳ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ በጨቅላነቱ የተያዘ ሕፃን ግን እስከ 90 በመቶ በሚደርስ ዕድል በሽታው ዕድሜ ልክ ይዞት ይቀራል። ይህንንም በሽታ የሚከላከለው፣ አምስት ክትባቶችን በአንድ የያዘው ክትባት የሚጀመረው ደግሞ በ6ኛው ሳምንት ነው። እባካችሁ፣ ለልጁ አዲስ ምላጭ ግዙ፤ ላጪው ሰውዬ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ ከኪሱ የሚያወጣውን አትቀበሉ።