ጉማሬ የማይሻገረው የወይን እርሻ

ዛሬ ባቱ በምትባለው ዝዋይ፣ ካስቴል የተባለውን የመጠጥ ኩባንያ የወይን እርሻ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ከቦታል። ቦዩ የመስኖ አይደለም፤ ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡ የተቆፈረ ነው። ጉማሬ ሲመሽ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ሲግጥ ያድራል። አንድ ሌሊት እርሻው ውስጥ ቢያድር፣ ፍሬ ለመስጠት ዓመታት የሚፈጀውን ተክል ረግጦ ይጥለዋል።

የፈረንሳዩ ካስቴል ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ገዝቷል። ወደ ወይኑ ያስገባው ግን የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጥያቄ ነው። ችግኙ ከፈረንሳይ መጥቶ ተተከለ፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ወጡ።

ለምን ዝዋይ? ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ይላል፤ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። አሸዋማው አፈር ውሃ አያቁርም፤ ሐይቁም ቅርብ ነው። አውሮፓ ውስጥ ወይንን በክረምት የሚያስተኛው ብርድ ነው። እዚህ እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ የተክሉን ዑደት የሚወስነው የገራዡ መቀስ ነው። ቅርንጫፉ በተቆረጠ በሳምንታት ውስጥ አዲስ ቡቃያ ይፈነዳል፤ ዘለላው መቼ እንደሚደርስም የሚወሰነው በዚያች ቀን ነው። የዝዋይ ወይን ጥበብ ያለው ከሁሉም በላይ በገራዦቹ እጆች ላይ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ስማቸው አለመጻፉ ያሳዝናል።

ካስቴል ከመምጣቱ በፊት ግን ለአሥርት ዓመታት የአገሩን ጠረጴዛ የያዘው አዋሽ ወይን ጠጅ ነበር። ጉደርና አክሱሚት የተባሉት ወይኖቹ ያልቀረቡበት ሠርግ ማን ያስታውሳል? ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2013 ከመንግሥት እጅ ሲወጣ ከገዢዎቹ አንዱ ኤይት ማይልስ የተባለው የኢንቨስትመንት ፈንድ ነበር፤ ሊቀመንበሩም ቦብ ጌልዶፍ። እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ላይቭ ኤይድን ያዘጋጀው ሙዚቀኛ ባለሀብት ሆኖ ተመለሰ። እርዳታ ሲጠየቅላት ለኖረች አገር ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

ካስቴል ሪፍት ቫሊ ለተባለው ምርቱ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ዝርያዎችን ለየብቻ ጠመቀ። ጠጪው ግን በጠጅ ማር ያደገ፣ አክሱሚትን የለመደ ነው፤ ጣፋጭ ይወዳል። ይህን ምርጫ እንደ አላዋቂነት የሚቆጥሩ አሉ፤ ትክክል አይደሉም። ኩባንያውም የአገሩን ምላስ አልናቀም፤ አካሺያ ብሎ በሰየመው ምርቱ ለስለስ ያለ ጣፋጭ ወይን አቀረበ።