ጣዕም የጠበቀው ዘር፤ የገበያ ቀንና የማሽላ እሸት በከሚሴ አካባቢ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም የተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የዞኑን ነዋሪ ቁጥር ከ450 ሺህ በላይ ያደረሰው ሲሆን፣ አብዛኛው ነዋሪ የእስልምና እምነት ተከታይ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ቅዳሜና እሁድ ይዘጋሉ። የአርሶ አደሩ ቤተሰብ ከቤቱ ወጥቶ ዘመድ የሚጠይቅበትን፣ ልጆቹን ጣፋጭ ነገር የሚያቀምስበትንና ወሬ የሚለዋወጥበትን ቀን የሚወስነው ግን የቢሮ ሰዓት ሳይሆን የገበያ ቀን ነው።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጎረቤት ከጎረቤት ይጠያየቃል። እሁድ ከከሚሴ በስተደቡብ በምትገኘው የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ፣ በሰንበቴ ገበያ ይቆማል። ሰኞ ደግሞ ተራው የባቲ ነው። የሰንበቴ ስም ሰንበትን፣ በአርጡማ ፉርሲ ወረዳ የምትገኘው የጨፋ ሮቢት ስምም ሮብን ያስታውሳል። የአካባቢው ሰው ጉዞውን፣ ሠርጉንና የዕዳ ቀጠሮውን ሳይቀር በእነዚህ ቀናት ሲቆጥር ኖሯል።

በእነዚህ ገበያዎች የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የአፋርና የአርጎባ ተወላጆች ይገናኛሉ። አፋሮች ከቆላው ግመል፣ ፍየል፣ ቅቤና አሞሌ ጨው ይዘው ሲመጡ፣ ደገኞች እህልና ጥራጥሬ ይዘው ይወርዳሉ። ባቲ በመላ አገሪቱ ስሟ የሚታወቀው በገበያዋ ብቻ አይደለም፤ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከሚታወቅባቸው አራት ቅኝቶች አንዱ በስሟ ይጠራል። ገበያ ለመሸጥና ለመግዛት ብቻ የሚኬድበት ቦታ ቢሆን ኖሮ አንዲት የገበያ ከተማ ለቅኝት ስም ትሰጣለች ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ለገበያተኛው ቤተሰብ የቀኑ ደስታ በአብዛኛው የሚበላና የሚጠጣ ነው። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ በመሆኗ በወቅቱ ማንጎው፣ ፓፓያውና ሸንኮራው ከመንገድ ዳር አይጠፋም። በአጠገቧ የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው የጨፋ ረግረግ በበጋ ሣርና ውኃ የማይታጣበት የግጦሽ ቦታ ነው። ሌላው ቆላ ሲደርቅ አርብቶ አደሮች ከሩቅ ሳይቀር ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደዚያ ይመጣሉ። ስለዚህ በበጋ ወተት ወደ ከተማዋ ይጠጋል። በወይራ ጭስ የታጠነ የወተት ዕቃ ለእርጎውም ሆነ ለግመል ወተቱ የሚሰጠውን ሽታና ጣዕም የሚያውቅ ሰው በሌላ ዕቃ የተቀዳውን እንደ ሙሉ ወተት አይቆጥረውም። ከገበያ መልስ ቡና ይፈላል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ በየተራ ይቀዳሉ። በረካ በረከት ማለት በመሆኑ ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣና አዛውንቱ ዱአ ሳያደርጉ መነሣት ነውር ነው።

ይህ ሁሉ በመንገድ ሰላም ላይ የቆመ ነው። በ2013 ዓ.ም በአካባቢው በተከሰተው ግጭት፣ በ2014 ዓ.ም ደግሞ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ በዘለቀበት ጊዜ አውራ ጎዳናው ተዘግቶ ነበር። ጨው ቢዘገይ አይበላሽም፤ ወተትና ማንጎ ግን የሚቀጥለውን ሳምንት አይጠብቁም። መንገድ ሲቋረጥ በቅድሚያ ከሕፃናት አፍ የሚነጠቀውም ይኸው ነው።

ገበያ ሳይሄዱ፣ ገንዘብም ሳያወጡ የሚገኘው ትልቁ የቤተሰብ ደስታ ግን በማሽላው ማሳ ውስጥ ነው። ማሽላ የዞኑ ዋና ሰብል ነው፤ እንጀራው፣ ቂጣው፣ ኦሮሞዎች ማርቃ የሚሉት ገንፎም ከእርሱ ይሠራል። በመጸው፣ ፍሬው ወተት ሞልቶ ገና ሳይደርቅ፣ ቤተሰቡ ወደ ማሳ ይወጣል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቁ የሰነበቱበት ማሳ በመሆኑ እሸቱ እንደ ደመወዛቸው ይቆጠራል። ጥንቅሹን በጥርሳቸው እየላጡ ይመጥጣሉ፤ አገዳው ከሸንኮራ የማይተናነስ ጣፋጭ ነው። ዛላው ደግሞ በፍም ላይ ተለብልቦ፣ በእጅ ታሽቶ፣ ገለባው እፍ ተብሎ ትኩሱን ይቃማል።

ለዚህ ለእሸቱ ብቻ ተብለው የሚዘሩ የማሽላ ዓይነቶች በወሎ አሉ። አንዱ “ወተት በጉንጬ”፣ ሌላው “ማር ጩቄ” ይባላል። ስሞቹ የጣዕሙን ነገር ይናገራሉ። ሁለቱም ሲደርቁ ፍሬያቸው ይጨማደዳል፤ ምርታቸው ከሌላው ማሽላ ያነሰ ነው፤ ጣፋጭ በመሆናቸውም ወፍ ይወዳቸዋል። በኩንታል ለሚያስብ ባለሙያ ቦታ የሚያባክኑ ዘሮች ናቸው። አርሶ አደሩ ይህን እያወቀ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ጥቂት ጥቂት እየዘራ ከአባት ወደ ልጅ አሳልፏቸዋል። ምክንያቱም ሌላ ሳይሆን ጣዕማቸው ነበር።

ሳይንስ የእነዚህን ዘሮች ዋጋ የተረዳው ዘግይቶ ነው። ማሽላ እንደ ሌሎች የብርዕ ሰብሎች ፕሮቲን ቢኖረውም፣ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለውና በተለይ ለሕፃናት ዕድገት የሚያስፈልገው ላይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይጎድለዋል። እ.ኤ.አ በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን ከመረመሩ በኋላ፣ ላይሲን በብዛት የያዙ ሁለት ዓይነቶች ማግኘታቸውን አሳወቁ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ነበሩ። በተለመደው ማሽላ በ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 2 ግራም አካባቢ የሚሆነው ላይሲን በእነዚህ ከ3 ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። ኢትዮጵያውያኑ የማሽላ ተመራማሪዎች ብርሃኔ ገብረኪዳንና ይልማ ከበደ ደግሞ በወሎ አርሶ አደሮች ዘንድ እነዚህ ማሽላዎች እንዴት እንደሚዘሩና እንደሚበሉ አጥንተው እ.ኤ.አ በ1979 አሳትመዋል። እ.ኤ.አ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘው ኢትዮጵያዊው የማሽላ ተመራማሪ ገቢሳ እጄታም የዚያው የአክስቴል ተማሪ እንደነበር እግረ መንገድን ማንሳት ይገባል።

ነገሩ በቀላሉ ሲታይ እንዲህ ነው። የማሽላ ፍሬ ሲደርቅ አብዛኛው ፕሮቲኑ ላይሲን በሌለበት መልክ ይከማቻል። በእነዚህ ዘሮች ውስጥ ግን ይህ ክምችት አነስተኛ ነው። ፍሬው የሚጨማደደው፣ ምርቱም የሚያንሰው በዚሁ ባሕርዩ ነው። ስለዚህ ጉድለቱንና በረከቱን መለያየት አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል፤ ተመራማሪዎች ላይሲኑን ከፍተኛ ምርት ከሚሰጡ ዘሮች ጋር ለማዋሐድ ያደረጉት ጥረትም የተጠበቀውን ያህል ውጤት አላስገኘም። የአርሶ አደሩ መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ዘሩን በጎተራ ለማከማቸት አልፈለገውም፣ በእሸትነቱ በልቶ ይጨርሰዋል።

ችግሩ እንዲህ ያለው ዘር የሚኖረው በየዓመቱ ሲዘራ ብቻ መሆኑ ነው። በ1977 ዓ.ም ወሎን ከመቱት ድርቅና ረሃብ ጋር ለዘር የተቀመጠውም ተበልቷል። እ.ኤ.አ በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ የአገር በቀል ዘሮችን ናሙና ሰብስቦ በቅዝቃዜ ያስቀምጣል። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በአርሶ አደሩ ማሳም መጠበቅ እንዳለበት በማሳየታቸው እ.ኤ.አ በ1989 “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በማቀዝቀዣ ያለ ናሙና ቢጠፋ ምትክ ይሆናል፤ ዛላው መቼ እንደሚለበለብ፣ የትኛው አገዳ ለጥንቅሽ እንደሚቆረጥ ግን አያስተምርም።

ማሳው ውስጥ ይህን የሚያስተምሩት ታላላቆች ናቸው። እሸት ሊቆረጥ ሲገባ እናት ወይም አያት አስቀድማ በዛላዎቹ መካከል ትዞራለች። ከሁሉም የተሟላውንና ያማረውን መርጣ ምልክት ታደርግበታለች፤ ልጆችም እርሱን እንዳይነኩ ይነገራቸዋል። ያ ዛላ እስኪደርቅ ከአገዳው ላይ ይቆያል። ከዚያም ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ በሚደርስበት ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል።