ገመድ የሌለው ዲስክ፦ ስለ ቨርቹዋል ማሽን ኮንትሮለር የሚወራውና እውነቱ

የአንድ ድርጅት የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራበትን ቨርቹዋል ማሽን ከቨርቹዋልቦክስ አውጥቼ ፕሮክስሞክስ ወደተጫነበት ሰርቨር ማዛወር ነበረብኝ። የዲስኩ ፋይል ሳይጎድል ተገለበጠ። «ቨርቲዮ ይፈጥናል» ሲባል ሰምቼ ስለነበር በአዲሱ ቤቱ ኮንትሮለሩን ቀየርኩና አስነሳሁት። ዊንዶውስ አርማውን አሳየ፤ ነጠብጣቦቹ ጥቂት ዞሩ፤ ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል። ከኋላዬ ቆመው የነበሩት የሒሳብ ሹም «ልጄ፣ የዓመቱ ሒሳብ ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ አልጠፋም እትዬ፣ አይዞዎት» አልኩ፤ ላቤ ግን ሌላ ይናገር ነበር።

ኮንትሮለሩን ወደ ሳታ መልሼ ሳስነሳው ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣ። ከዲስኩ ላይ አንዲት ፊደል አልተነካችም። ያን ቀን ያሳሳተኝ እምነት ግን የእኔ ብቻ አይደለም። በየአይቲ ክፍሉ ሲወራ ከምሰማቸው አንዳንዶቹን እንደሚከተለው እፈትሻለሁ።

ተረት፦ አይዲኢ የሚዘገየው መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ሳታ 6 ጊጋቢት ስለሆነ ይፈጥናል

ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ገመድ የለም። ዲስክ የምንለው ብዙ ጊዜ በሆስቱ፣ ማለትም ማሽኑን በሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ኮንትሮለሩም ሶፍትዌር ነው፤ ሥራው በውስጥ ላለው እንግዳ ሲስተም «እኔ እንዲህ ያለሁ ካርድ ነኝ» እያለ ማስመሰል ነው። ከፕሮክስሞክስ ሥር ሆኖ ማስመሰሉን የሚሠራው ኪዩኢኤምዩ ዛሬም ሌላ ካልታዘዘ በቀር በተራው ፒሲ ላይ የሚያስመስለው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውን 440ኤፍኤክስ ቺፕሴት፣ ከነፒክስ3 አይዲኢው ነው። ስለዚህ የአይዲኢው በሴኮንድ 133 ሜጋባይትም ሆነ የሳታው 6 ጊጋቢት እዚህ ማንንም አያስሩም። ከሥር ጥሩ ኤስኤስዲ ካለ የተመሰለው አይዲኢ ከ133 አልፎ ሊሄድ ይችላል።

ታዲያ ለምን ይዘገያል? አንድ ማኅተም ለማስመታት የመንግሥት ቢሮ የገባ ሰው አስቡ። አይዲኢ ላይ አንዲት የንባብ ትእዛዝ ለመስጠት እንግዳው ወደ ሰባት ያህል ሬጅስተሮች በየተራ ይጽፋል፦ ስንት ሴክተር፣ ከየት ጀምሮ፣ የትኛው ዲስክ፣ በመጨረሻም ትእዛዙ ራሱ። አድራሻው እንኳ ተቆራርጦ ነው የሚገባው። በእውነተኛ ማሽን ይህ ከቁጥር አይገባም። በቨርቹዋል ማሽን ግን እያንዳንዱ ጽሕፈት ፕሮሰሰሩን ከእንግዳው ነጥቆ ለሆስቱ ይሰጣል፤ ሆስቱ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ይመልሳል። ለአንድ ጉዳይ ሰባት መስኮት መሰለፍ ማለት ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ጉዳይ ሳያልቅ ሁለተኛውን ማቅረብ አይቻልም።

ሳታ በኤኤችሲአይ አሠራሩ 32 ጉዳዮችን ባንድ ጊዜ ይቀበላል። ቨርቲዮ ከዚህም ይለያል። አውስትራሊያዊው የሊኑክስ ፕሮግራመር ረስቲ ረስል እ.ኤ.አ. በ2008 በጥናታዊ ጽሑፍ ያቀረበው ይህ ስልት የትኛውንም እውነተኛ ካርድ አያስመስልም። እንግዳው እንግዳ መሆኑን ያውቃል፤ ጥያቄዎቹን እሱም ሆስቱም በሚያዩት ሜሞሪ ላይ ደርድሮ አንድ ጊዜ ደወል ይደውላል። የአንድ መስኮት አገልግሎት የሚባለውን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳይሆን ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ይህን ይመልከት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ቅዠት አለ፤ ኤንቪኤምኢ የሚለውን መርጦ ማሽኑ እስኪበር መጠበቅ። ኤንቪኤምኢ እጅግ ብዙ ሰልፎችን ጎን ለጎን እንዲያስተናግድ የተነደፈ ነው፤ እውነት ነው። ከሥሩ ያለው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን ሰልፉ ቢበዛም አገልጋዩ ያው አንድ ክንድ ነው።

ተረት፦ ዲስኩ ያው ስለሆነ ኮንትሮለሩን እንደልብ መቀያየር ይቻላል

እኔን ያዋረደኝ ይህ ነው። ተቃራኒው ተረትም አለ፤ ኮንትሮለር መቀየር ዳታ ያጠፋል የሚለው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ዳታው አይነካም፤ ሲስተሙ ግን ገና ሲነሣ ዲስኩን የሚያናግርበት ድራይቨር በእጁ ሊኖር ይገባል። ድራይቨሩ ዲስኩ ውስጥ ተቀምጦ ዲስኩን ለመክፈት ድራይቨሩ ካስፈለገ፣ ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደወጣ ሰው መሆን ነው።

ዊንዶውስ የሳታውን ድራይቨር ይዞ ነው የሚመጣው፤ የቨርቲዮውን ግን ይዞ አይመጣም። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አያውቀውም። ዋናውን ዲስክ ሳታ ላይ እንዳለ ተዉት። አንድ ጊጋባይት የምታህል ባዶ ዲስክ በቨርቲዮ ጨምሩ። ዊንዶውሱን አስነሡና «ቨርቲዮ ዊን» ከሚባለው የሲዲ ምስል ድራይቨሩን ጫኑ። ትንሿ ዲስክ በትክክል ከታየች ድራይቨሩ ገብቷል ማለት ነው። አጥፉትና ዋናውን ዲስክ ወደ ቨርቲዮ አዛውሩ፤ ትንሿን ሰርዙ። ፕሮክስሞክስ ላይ የቡት ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ደግሞ አትርሱ፤ ሁሉንም በትክክል ሠርቶ እዚህች ላይ ተሰናክሎ ሌሊቱን ያነጋ ሰው አውቃለሁ።

ሊኑክስስ? ከርነሉ ቨርቲዮን ካወቀ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ስለዚህ «ሊኑክስ ችግር የለበትም» ይባላል። ችግር አለበት። የሬድ ሃት ቤተሰቦች ሲስተሙን ለማስነሳት የሚያዘጋጁት ትንሽ ምስል ድራኩት በሚባለው መሣሪያ ይሠራል፤ ይህም መሣሪያ እንደተለመደው አቀማመጡ በዚያ ማሽን ላይ ያየውን ሃርድዌር ብቻ ነው የሚያካትተው። ከእውነተኛ ሰርቨር ወደ ቨርቲዮ ሲዛወር ምስሉ ውስጥ ድራይቨሩ ስለማይኖር ሲስተሙ ዲስኩን ጠብቆ ጠብቆ የአደጋ ጊዜ ሼል ላይ ይጥላችኋል። ከመዛወሩ በፊት ምስሉን የቨርቲዮ ድራይቨሮችን ጨምሮ እንደገና መሥራት ይበቃል።

በማይክሮሶፍቱ ሃይፐር ቪ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ጀነሬሽን 1 የሚነሣው ከአይዲኢ ነው፤ ጀነሬሽን 2 አይዲኢ የሚባል ጨርሶ የለውም፣ ከስካዚ ይነሣል። ማሽኑ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ጀነሬሽኑን የምትቀይሩበት ቁልፍ የለም። ስለዚህ «ስካዚ ለዳታ እንጂ ለቡት አይሆንም» የሚለው የድሮ ምክር የጀነሬሽን 1 ቅሪት ነው።

ተረት፦ ኤስዲኤ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ዲስክ ነው

አይደለም። በሊኑክስ፣ ቨርቲዮ ብሎክ ላይ ያው ዲስክ ቪዲኤ ይባላል፣ ቨርቲዮ ስካዚ ላይ ኤስዲኤ፣ ኤንቪኤምኢ ላይ ደግሞ ሌላ። ሁለት ኮንትሮለር ሲኖርም ማን ቀድሞ እንደሚታይ ዋስትና የለም። የማውንት ሠንጠረዡን በዩዩአይዲ ጻፉ። እውነተኛ ዲስክ ለቨርቹዋል ማሽን (ቪኤም) ስትሰጡም በመለያ ቁጥሩ እንጂ በፊደሉ አትስጡ፤ ነገ አንድ ፍላሽ ተሰክቶ ፊደሉ ቢቀያየር ለእንግዳው የሰጣችሁት የሆስቱን ዲስክ ሊሆን ይችላል።

ተረት፦ እውነተኛውን ዲስክ ለቪኤሙ ብሰጠው ሆስቱም እንግዳውም ይጠቀሙበታል

ዳታ በእውነት የሚጠፋው እዚህ ነው። አንድ መጋዘን ሁለት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ቢሾምበትና እያንዳንዱ የራሱን መዝገብ ቢይዝ ምን ይሆናል? አንዱ ባዶ ነው ያለውን መደርደሪያ ሌላው ሞልቶታል። ኤንቲኤፍኤስም፣ ኢኤክስቲ4ም፣ ኤክስኤፍኤስም ዲስኩ የእነሱ ብቻ እንደሆነ አምነው ነው የሚሠሩት። መዝገባቸውን በሜሞሪ ይይዛሉ፤ ሌላ ጸሐፊ መኖሩን የሚነግራቸው የለም። ሁለቱ ሲስተሞች አንዱን ፋይል ሲስተም እኩል ማውንት ካደረጉት ጥያቄው ይበላሻል ወይ ሳይሆን መቼ ይበላሻል ነው።

«እኔ በሆስቱ በኩል ለንባብ ብቻ ነው የከፈትኩት» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ኢኤክስቲ4 ለንባብ ብቻ ሲከፈትም ያልተጠናቀቀ ጆርናል ካገኘ፣ በግልጽ ካልተከለከለ በቀር፣ ጆርናሉን አጠናቅቆ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ለንባብ ገብቶ የሌላውን መዝገብ አርሞ መውጣት ማለት ነው። ሁለቱ ፋይል መጋራት ከፈለጉ በኔትወርክ ይጋሩ፤ ሳምባም ኤንኤፍኤስም የተሠሩት ለዚህ ነው።

ቨርቹዋልቦክስ ላይ እውነተኛ ዲስክ ስትሰጡ አንዲት ትንሽ የቪኤምዲኬ ፋይል ትፈጠራለች። ይህችን ፋይል ገልብጦ «ባካፕ ያዝኩ» ያለ ሰው አጋጥሞኛል። ፋይሏ ጠቋሚ ናት፤ የዲስኩ አድራሻ እንጂ ይዘቱ የለባትም።

አንድ ሌላም አለ። ፕሮክስሞክስ ላይ ዲስኩን በመለያ ቁጥሩ ለእንግዳው መስጠት ሃርድዌሩን መስጠት ይመስላል። እንግዳው የሚያየው ግን አሁንም «ኪዩኢኤምዩ ሃርድዲስክ» የሚል የተመሰለ ዲስክ ነው። ሙቀቱንም፣ ስማርት የሚባለውን የጤና መዝገቡንም አያይም፤ ዲስኩ ሊሞት ሲያጣጥር ማስጠንቀቂያው ሆስቱ ጋ ይቀራል። ዜድኤፍኤስ ላይ የተመሠረተ የፋይል ሰርቨር በቪኤም የሚሠራ ሰው መስጠት ያለበት ዲስኮቹን ሳይሆን ዲስኮቹ የተሰኩበትን ካርድ ነው። ለዚህም ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ አይኦኤምኤምዩ ሊኖራቸው ይገባል፤ ኢንቴል ቪቲ ዲ ይለዋል። ካርዱ ሲሄድ ከነዲስኮቹ ነው የሚሄደው። ሆስቱ ራሱ የሚነሣበት ዲስክ እዚያው ካርድ ላይ ከሆነ ሆስቱ መሬቱ ከእግሩ ሥር ይነሣበታል።

ተረት፦ ካሽ «ኖን» ካልኩ ካሽ የለም፤ «ራይትባክ» ካልኩ መብራት ሲጠፋ አበቃልኝ

መብራት ሳያስጠነቅቅ በሚሄድበት አገር ይህ የፈተና ጥያቄ አይደለም። በፕሮክስሞክስ የዲስክ ካሽ ቅንብር «ኖን» የሆስቱን የሜሞሪ ካሽ ብቻ ነው የሚዘለው፤ የዲስኩ የራሱ ካሽ እንዳለ ነው። «ራይትባክ» ደግሞ በሆስቱ ሜሞሪ ላይ ቢያቆይም፣ እንግዳው «አሁን በእርግጥ ጻፈው» የሚል ትእዛዝ ሲልክ ይታዘዛል። ይህ ትእዛዝ ፍለሽ ይባላል፤ ዳታቤዞች አንድን ክፍያ ጨረስኩ ከማለታቸው በፊት የሚልኩት እሱን ነው። ስለዚህ በሁለቱም አቀማመጥ ወሳኙ ፍለሹ መከበሩ ነው። ስሙን ሳይደብቅ «አንሴፍ» የተባለው አቀማመጥ ግን ፍለሹን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ለሙከራ ካልሆነ አትንኩት።

ብዙዎች የማይጠረጥሩት ቨርቹዋልቦክስን ነው። መመሪያው እንደሚለው ፍጥነት ለማትረፍ ሲል የፍለሽ ትእዛዞችን በተለመደ አቀማመጡ አይፈጽምም። እንግዳው ዳታቤዝ «ተጽፏል» ተብሎ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ጽሑፉ ገና ሜሞሪ ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። «ኢግኖርፍለሽ» የሚባለውን ቅንብር ለዚያ ኮንትሮለርና ለዚያ ዲስክ 0 ማድረግ ይቻላል። በእኔ አስተያየት የገንዘብ መዝገብ የያዘ ቨርቹዋልቦክስ ይህ ሳይስተካከልና ዩፒኤስ ሳይኖረው ሥራ ላይ መዋል የለበትም። የእትዬን ሒሳብ ከዚያ ያወጣሁትም ለዚህ ነበር።

ተረት፦ የማልጠቀምበት የተመሰለ ዕቃ ምን ይጎዳኛል?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ቬኖም የተሰኘ ክፍተት ይፋ አደረገ። ክፍተቱ የነበረው የኪዩኢኤምዩ የፍሎፒ ኮንትሮለር ውስጥ ነው፤ ዜንና ቨርቹዋልቦክስም ያንኑ ኮድ ስለወሰዱ ተነክተዋል። እንግዳው ውስጥ የበላይ ሥልጣን ያለው ሰው በዚያ በኩል አጥሩን ዘልሎ ሆስቱ ላይ ኮድ ሊያስኬድ ይችል ነበር። ፍሎፒ አንጠቀምም ብለው ከቅንብሩ ያወጡትም አልዳኑም፤ በሌላ ስሕተት ምክንያት ኮንትሮለሩ ከጀርባ መሥራቱን አላቆመም። ስሕተቱ ኮዱ ውስጥ የገባው በ2004 ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ዲስኬት ባልከተተበት አፍ ውስጥ ተቀምጦ ቆየ።

በ2015 ክፍተቱ ተደፍኗል። ኪዩኢኤምዩም ኪዩ35 በሚባለው አዲሱ የማሽን ዓይነት ላይ የፍሎፒ ኮንትሮለሩን በግልጽ ካልጠየቃችሁት አያኖረውም። አዲስ ቪኤም ስትሠሩ ኪዩ35ን ምረጡ። የቆየውን ዊንዶውስ ግን ባካፕ ሳትይዙ ወደዚያ አታዛውሩት፤ የኔትወርክ ካርዱን እንደ አዲስ ቆጥሮ የሰጣችሁትን ቋሚ አድራሻ ሊጥልባችሁ ይችላል።